ጆን ቦልትቢ ብሩክስ

ጆን ቦልትቢ ብሩክስ (1846–1921 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የቆዳ ሠራተኛ፣ ነጋዴና የፈጠራ ሰው ነበረ። ስሙ እስከ ዛሬ የሚታወቀው ለብስክሌት በሠራው የቆዳ ኮርቻ ነው። የፈረስ ልጓምና ኮርቻ በመሥራት የጀመረው አነስተኛ ሱቅ በኋላ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የብስክሌት ኮርቻ ፋብሪካ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የብሩክስን ሕይወት፣ የኮርቻውን አሠራርና አያያዝ፣ እንዲሁም ሥራው ከኢትዮጵያ የቆዳ ሙያ ጋር ያለውን ተመሳሳይነት ይገልጻል።

ልጅነትና ወደ በርሚንግሃም መሄዱ

ብሩክስ በ1846 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሌስተርሺር ግዛት ሂንክሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሂንክሊ በዚያ ዘመን በካልሲና በሹራብ ሥራ የምትታወቅ አነስተኛ ከተማ ነበረች። ወጣቱ ብሩክስ ግን ዕድሉን የፈለገው በሌላ ቦታ ነበር። በ1865 እ.ኤ.አ. ዕድሜው ገና ሃያ ሳይሞላ የትውልድ ከተማውን ትቶ ወደ በርሚንግሃም ሄደ። በኪሱ የያዘው ገንዘብ 20 ፓውንድ ብቻ እንደ ነበር የኩባንያው ታሪክ ይተርካል።

በርሚንግሃም በዚያ ጊዜ ከእንግሊዝ ታላላቅ የኢንዱስትሪ ከተሞች አንዷ ነበረች። በውስጧ ብረት ቀጥቃጮች፣ ቁልፍና ብሎን ሠሪዎች፣ ጠመንጃ ሠሪዎችና ቆዳ ሠራተኞች በየመንደሩ ትናንሽ የሥራ ቤቶች ነበሯቸው። በአቅራቢያዋ ያለችው ዋልሶል ደግሞ የፈረስ ኮርቻና የልጓም ሥራ ዋና ማዕከል ነበረች። ቆዳና ብረት አጣምሮ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

የፈረስ ዕቃ ሥራ

ብሩክስ በ1866 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ግሬት ቻርልስ በሚባለው ጎዳና በራሱ ስም የሥራ ቤት ከፈተ። የሚሠራውም የፈረስ ልጓም፣ የጋሪ መጎተቻ ጠፍርና ልዩ ልዩ የቆዳ ዕቃ ነበር። የእንግሊዝ ከተሞች በዚያ ዘመን በባቡር ቢገናኙም፣ በከተማ ውስጥ ሰውንና ዕቃን የሚያመላልሰው ፈረስ ነበር። ስለዚህ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ደንበኛ አያጣም ነበር።

ይህ ሙያ ብሩክስን ሁለት ነገር አስተምሮታል። አንደኛው ወፍራም የከብት ቆዳ ለረጅም ጊዜ ሸክምና ግጭት እንዲችል እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚቆረጥና እንደሚወጠር ነው። ሁለተኛው በቆዳና በብረት መካከል ያለው መጋጠሚያ ቀድሞ የሚበላሽ ደካማ ቦታ መሆኑን ነው። እነዚህ ሁለት ትምህርቶች ከዓመታት በኋላ በብስክሌት ኮርቻው ላይ ታይተዋል።

የፈረሱ ሞትና የተዋሰው ብስክሌት

ኩባንያው በሚተርከው ታሪክ መሠረት በ1878 እ.ኤ.አ. ብሩክስ ወደ ሥራ የሚሄድበት ፈረሱ ሞተበት። ሌላ ፈረስ ለመግዛትም አቅም አላገኘም። የፈረስ ዕቃ ሠሪው ያለ ፈረስ ቀረ። ወደ ሥራው ለመሄድ ሲል ብስክሌት ተዋሰ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ገና አዲስና ብዙ ሰው የማይደፍረው መጓጓዣ ነበር።

የዚያ ዘመን ብስክሌት ከዛሬው በጣም የተለየ ነበር። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተስፋፋው የመጀመሪያው ባለ ፔዳል ብስክሌት መንኮራኩሩ ብዙ ጊዜ ከእንጨት የተሠራና ዙሪያው በብረት የታሰረ በመሆኑ፣ በድንጋይ በተነጠፈ ጎዳና ላይ ነጂውን እጅግ ያንገጫግጨው ነበር። እንግሊዞችም አጥንት አናጋሪ የሚል ስም አወጡለት። በ1870ዎቹ ደግሞ የኮቨንትሪው ጄምስ ስታርሊና ሌሎች የፊት መንኮራኩሩ እጅግ ትልቅ፣ የኋላው ትንሽ የሆነውን ከፍተኛ ብስክሌት አስፋፉ። ጎማውም በአየር የሚነፋ ሳይሆን ድፍን ነበር። ስለዚህ የመንገዱ ድንጋይ ሁሉ በቀጥታ ወደ መቀመጫው ይደርስ ነበር።

ብሩክስ በብስክሌቱ መሄዱን ወደደው፤ መቀመጫው ግን እጅግ አሠቃየው። ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ኮርቻውና የፈረሱ ጀርባ ንቅናቄውን ይቀበሉለታል። በብስክሌት ላይ ግን የሰውነት ክብደት በአብዛኛው በሁለት ትናንሽ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ያርፋል። መቀመጫው ደረቅ ከሆነ አጥንቱን ያሳምማል፤ በጣም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ደም ሥርን ይጫናል። ብሩክስ ኮርቻ ሠሪ ስለ ነበር ችግሩ በራሱ ሙያ ሊፈታ የሚችል መሆኑን ተረዳ።

የ1882 የፈጠራ መብት

ከአራት ዓመት ያህል ሙከራ በኋላ፣ ብሩክስ ኦክቶበር 28 ቀን 1882 እ.ኤ.አ. (ጥቅምት 19 ቀን 1875 ዓ.ም.) የመጀመሪያውን የብስክሌት ኮርቻ የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ። በዚህ ጊዜ 36 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ኮርቻው በገበያ ላይ በፍጥነት ተቀባይነት ስላገኘ፣ ብሩክስ ተጨማሪ የፈጠራ መብቶችን አስመዘገበ። ድርጅቱም ቀስ በቀስ ከፈረስ ዕቃ ወደ ብስክሌት ዕቃ ዞረ።

ጊዜውም ለእርሱ የተመቸ ነበር። በ1885 እ.ኤ.አ. የጄምስ ስታርሊ የወንድም ልጅ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለት ተቀራራቢ መንኮራኩሮች ያሉትን፣ በሰንሰለት የሚሄደውን ሮቨር የተባለ ብስክሌት አወጣ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚነፋ ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የደፋር ወጣቶች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሠራተኛው፣ ሴቱ፣ አስተማሪውና ፖስታ አመላላሹ ሁሉ የሚገለገሉበት ሆነ። በ1890ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝም በአሜሪካም የብስክሌት ገበያ እጅግ ደራ። እያንዳንዱ ብስክሌት ደግሞ ኮርቻ ያስፈልገዋል።

የብሩክስ ድርጅት ኮርቻውን ለተለያየ አገልግሎት በተለያየ ዓይነት ሠራ። ለቀጥተኛ አቀማመጥ ከሥሩ ሞላ ያለው ሰፊ ኮርቻ፣ ለፈጣን ጉዞና ለውድድር ደግሞ ሞላ የሌለው ጠባብ ኮርቻ ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የወጣው ቢ17 የተባለው ዓይነት ቅርጹ ብዙ ሳይለወጥ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተሠርቷል። ከኮርቻው ጋር በብስክሌት ላይ የሚንጠለጠሉ የቆዳ ቦርሳዎች፣ በኋላም የሞተር ብስክሌት መቀመጫዎች ከድርጅቱ ወጥተዋል።

የኮርቻው አሠራር

የብሩክስ ኮርቻ መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው። ቆዳው በስፖንጅ ወይም በእንጨት ላይ አይለበጥም፤ ከፊትና ከኋላ ባሉ ብረቶች መካከል ተወጥሮ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ የጠፍር አልጋ ነው። የጠፍር አልጋ ላይ የተኛን ሰው የሚሸከመው በእንጨቶቹ መካከል የተወጠረው ጠፍር እንደ ሆነ ሁሉ፣ በዚህ ኮርቻ ላይም የነጂውን ክብደት የሚሸከመው የተወጠረው ቆዳ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ይሰጣል፤ ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቆዳው የሚለፋው ከዛፍ ቅርፊትና ከሌሎች ዕፅዋት በሚገኝ ታኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። በዚህ መንገድ የለፋ ቆዳ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በውኃ ሲርስ ይለሰልሳል፤ በቅርጽ ማውጫ ላይ ተጭኖ ሲደርቅም ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ሠራተኞቹ የተቆረጠውን ቆዳ በውኃ ይነክራሉ፤ በብረት ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጫኑታል፤ ቀስ ብለው ያደርቁታል፤ ጠርዙንም ይከረክማሉ። ከዚያም በመዳብ ምስማር ከብረት ማዕቀፉ ጋር ይመቱታል። በኮርቻው አፍንጫ ሥር አንድ ብሎን ይገኛል። ቆዳው ከዘመን ብዛት ሲረግብ ይህ ብሎን አፍንጫውን ወደ ፊት እየገፋ መልሶ ይወጥረዋል።

አዲስ የቆዳ ኮርቻ እንደ እንጨት ደረቅ ነው። በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ ውስጥ ግን የነጂው ክብደት፣ ሙቀትና ንቅናቄ ቆዳውን በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ሥር በትንሹ ጎድጎድ ያደርገዋል። ኮርቻው በዚህ ጊዜ የባለቤቱን ቅርጽ ይይዛል። ብዙ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ብስክሌተኞች አሮጌ የቆዳ ኮርቻቸውን ከብስክሌት ወደ ብስክሌት እያዛወሩ የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

የኮርቻው አያያዝ

የብሩክስ ኮርቻ በአግባቡ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ካልተያዘ ግን በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል። ምክንያቱ በቆዳው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ቆዳ ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን በተሠሩ እርስ በርስ በተጠላለፉ ጭረቶች የተገነባ ነው። በእነዚህ ጭረቶች መካከል ያለው ቅባት እንዲንሸራተቱና እንዲተጣጠፉ ያደርጋል። ቅባቱ ሲያልቅ ጭረቶቹ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ቅባቱ ከመጠን በላይ ሲሆን ደግሞ ጭረቶቹ አላግባብ ይላላሉ፤ ኮርቻውም ረግቦ እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል። ስለዚህ የቆዳ ኮርቻ አያያዝ ዋናው ጉዳይ ልክን ማወቅ ነው።

ቅባት፦ የብሩክስ ድርጅት ለኮርቻዎቹ የሚሸጠው ቅባት በዋናነት ከሞራ፣ ከዘይትና ከሰም የተሠራ ነው። ሞራውና ዘይቱ ቆዳውን ያለሰልሳሉ፤ ሰሙ ውኃ እንዳይገባ ይከላከላል። አዲስ ኮርቻ ከመነዳቱ በፊት ላይኛው ገጽ በስሱ ይቀባል፤ ያልተወለወለው የውስጥ ገጽም ቅባት በደንብ ስለሚጠጣ መቀባት አለበት። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መቀባቱ ይበቃል። በደረቅና በሞቃት አገር ቆዳው ቶሎ ስለሚደርቅ ከዚህ ትንሽ ሊደጋገም ይችላል። የምግብ ዘይትና ቅቤ ግን አይመከሩም፤ ቆዳውን ከልክ በላይ ያላሉታል፤ ቆይተውም ይሻግታሉ።

ውኃ፦ የራሰ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ በላዩ ከተቀመጡበት ይለጠጣል፤ ያለ ቅርጹም ይደርቃል። በዝናብ የሚነዳ ሰው ኮርቻውን በፌስታልም ቢሆን መሸፈን ይኖርበታል። ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃና ውኃ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጎዳዋል፤ ምክንያቱም የሚያርፈው ቅባት በሌለው የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ፓራፋንጎ ያለው ብስክሌት ለቆዳ ኮርቻ ይመረጣል። ኮርቻው ከራሰ በጥላ ሥር ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አይነዳም። ከደረቀ በኋላ በስሱ ይቀባል።

ሙቀት፦ የራሰን ቆዳ በእሳት አጠገብ ወይም በጠራራ ፀሐይ ማድረቅ ትልቅ ጥፋት ነው። እርጥብ ቆዳ ከፍተኛ ሙቀት ሲያገኘው ጭረቶቹ ይኮማተራሉ፤ ኮርቻውም ይጨማደዳል፤ እንደ ብስኩትም ይሰባበራል። ይህ ጉዳት በምንም ቅባት አይመለስም።

መወጠሪያው ብሎን፦ አዲስ ኮርቻን ማጥበቅ አያስፈልግም። ቆዳው በግልጽ ሲረግብ ብቻ ብሎኑ በቁልፍ ከሩብ ዙር ባልበለጠ መጠን ይጠብቃል፤ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ተነድቶ ይታያል። ብዙ ያጠበቀ ሰው ቆዳውን ከመዳብ ምስማሮቹ ዙሪያ ሊቀድደው ይችላል።

ጽዳት፦ ላብ ጨው ስላለው ቆዳን ያደርቃል። አቧራም በቆዳውና በልብስ መካከል ገብቶ ገጹን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ስለዚህ ኮርቻው በትንሹ በራሰ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ መቀባት አለበት። አቧራ ሳይጠረግ የተቀባ ቅባት አቧራውን ወደ ቆዳው ያስገባዋል።

ከኢትዮጵያ የቆዳ ሙያ ጋር ያለው ተመሳሳይነት

ብሩክስ በበርሚንግሃም በሚሠራበት ዘመን በኢትዮጵያም ቆዳ በኑሮ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። የበቅሎና የፈረስ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ስልቻ፣ አኮፋዳ፣ የመጽሐፍ ማኅደር፣ የብራና መጽሐፍና የጠፍር አልጋ ሁሉ የቆዳ ሠራተኞች እጅ ሥራ ናቸው። በባህላዊው አሠራር ቆዳው ፀጉሩ ይፋቃል፤ ታኒን ባላቸው ዕፅዋት፣ ለምሳሌ በግራር ቅርፊት ይለፋል፤ እንዲለሰልስም በተወቀጠ የጉሎ ፍሬ ይታሻል። ታኒኑ ቆዳውን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ የጉሎው ዘይት ጭረቶቹን ያለሰልሳል። መሠረታዊው ዘዴ በእንግሊዝ ከነበረው ጋር አንድ ነው።

በማኅበራዊ ቦታ ግን ልዩነት ነበረ። ብሩክስ በቆዳ ሥራው ሀብትና ክብር ሲያገኝ፣ በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ሙያቸው ሁሉም የሚፈልገው ሆኖ ሳለ ይናቁ ነበር። ይህ ንቀት ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ እንዲተላለፍ፣ በገንዘብም እንዳይደግ አንዱ እንቅፋት ሆኗል።

የሐረርጌ ምድር በቆዳ ንግድ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሚኤሶ፣ በአሰቦትና በአዋሽ በኩል አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ይህ መስመር ከተከፈተ በኋላ ቡናና ጥሬ ቆዳ ወደ ጅቡቲ ወደብ ከሚጫኑት ዋና ዋና ዕቃዎች መካከል ነበሩ። ጥሬ ቆዳው ወደ ውጭ አገር ሲላክ፣ የለፋውና የተሠራው የቆዳ ዕቃ ደግሞ በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጥ ነበር። የብሩክስ ሕይወት ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል፤ ጥሬ ቆዳ ኮርቻ እስኪሆን ድረስ የሚጨመርበት ዕውቀት ከቆዳው ራሱ ይልቅ ዋጋ አለው።

የአካባቢው አየር ጠባይም ለቆዳ ኮርቻ አያያዝ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። አሰቦትና ሚኤሶ ሞቃትና ደረቅ በመሆናቸው በዚያ ያለ ኮርቻ ዋናው ጠላቱ ፀሐይና አቧራ ነው። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣው መንገድ ግን ወደ ጨርጨር ደጋ ስለሚያመራ በክረምት ዝናብና ጭቃ ያጋጥማል። አንድ ብስክሌት በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ መንገድ የሚጓዝ ሰው ለቆላው ቅባት፣ ለደጋው መሸፈኛ ያስፈልገዋል።

ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ

ጆን ቦልትቢ ብሩክስ በ1921 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ሲሞት 75 ዓመት ገደማ ነበር። በ20 ፓውንድ የጀመረው ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስሙ በብዙ አገሮች ብስክሌቶች ላይ ተጽፎ ይታይ ነበር።

ድርጅቱ ከእርሱ በኋላም ቀጠለ። ፋብሪካው በኋላ በበርሚንግሃም አጠገብ ወዳለችው ስሜትዊክ ተዛወረ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽም በኖቲንግሃሙ የብስክሌት ፋብሪካ በራሌይ ሥር ሆነ። እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ድረስ የቆዳ ኮርቻ የብስክሌት ውድድር ተራ ዕቃ ነበር። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቀላልና ዝናብ የማይፈራው የፕላስቲክ ኮርቻ ገበያውን ወሰደ፤ ብዙ የቆዳ ኮርቻ ሠሪዎችም ተዘጉ። የብሩክስ ድርጅትም በባለቤቶቹ የገንዘብ ችግር ምክንያት በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከመዘጋት አፋፍ ደርሶ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ሴሌ ሮያል የተባለው የጣሊያን የኮርቻ ኩባንያ ገዝቶ አተረፈው።

ዛሬ የቆዳ ኮርቻ በአብዛኛው የሚፈለገው ረጅም መንገድ በሚጓዙ ብስክሌተኞችና የድሮ ብስክሌት በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ነው። የፕላስቲክ ኮርቻ ሲያረጅ ይጣላል። የቆዳው ግን ምስማሩ ሲላላ እንደገና ይመታል፤ ሲረግብ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይቀባል። ብሩክስ ከፈረስ ዕቃ ሙያ ወደ ብስክሌት ያመጣው ትልቁ ነገር ይህ ሊጠገን የሚችል አሠራር ነው።